ልጁ የለም፣ ስንቁ ግን ይመጣል

ይህን የምጽፈው ለመምህራንና ለወላጆች ነው። ደግሞም ለአከራዮች። አዎ፣ ለተማሪ ቤት ለሚያከራዩ ሰዎች። ለምን እንደሆነ ስታነቡ ይገባችኋል።

የማስተምረው ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ ባለ 2ኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። በ2010 ዓ.ም. የአንድ 9ኛ ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። ተማሪዎቹ «ሆምሩም» ይሉናል። ክፍሉ 64 ልጆች ነበሩት። ከ40 የሚበልጡት የገጠር ልጆች ናቸው።

ጎጃም ያደገ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። በቀበሌው 8ኛን የጨረሰ ልጅ 9ኛ ለመማር ከተማ ይገባል። ሦስት አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። አርብ ከሰዓት በእግር ወደ ቤተሰብ፣ እሁድ ማታ ስንቅ ተሸክሞ መመለስ ነው። እንጀራ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ከደጋ ለመጣው ደግሞ ድንች። ረቡዕ ሐሙስ ላይ እንጀራው መሻገት ሲጀምር ፀሐይ ላይ ያሰጡትና ድርቆሽ ያደርጉታል። ልጁ ገና 15 ዓመቱ ነው። ራሱ ያበስላል፣ ራሱ ያጥባል። ጠዋት የሚቀሰቅሰው ሰው የለም።

ታዲያ ይህ ልጅ በማን እጅ ነው ያለው? እኔ ይህን ጥያቄ የጠየቅሁት በጣም ዘግይቼ ነው።

ያኔ ከወላጅ ጋር የነበረን ግንኙነት ባጭሩ ይኸው ነበር፦ ተማሪ ሲያጠፋ «ወላጅ አምጣ» ማለት። ሲቀር ወላጅ አምጣ፣ ሲያረፍድ ወላጅ አምጣ፣ ሲጣላ ወላጅ አምጣ። ወላጁ ሁለት ሰዓት ተኩል በእግር የሚያስኬድ መንገድ ላይ እንዳለ ይጠፋን ነበር ማለት አይደለም። እናውቃለን። ግን ደንቡ እንዲያ ነው፤ እኛም በዚያው ነው ያደግነው።

በጥቅምት መጀመሪያ አንድ ልጅ መቅረት አበዛ። ፀባዩ ጥሩ ነው፣ ከኋላ ሁለተኛው ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ብዙም አይናገርም። ገበያ በዋለ ቁጥር ይቀራል። ወላጅ አምጣ አልኩት። በሦስተኛው ቀን አንድ ጎልማሳ ሰው ይዞ መጣ። ኮፍያውን አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ፣ «የእህቴ ልጅ ነው መምህር። አባቱን አሞት ነው እኔ የመጣሁት። ከእንግዲህ እኔ አለሁ» አለኝ። ልጁን እዚያው ፊቴ ቆጣ ቆጣ አደረገው። ደስ አለኝ። ፎርሙን ሞላሁ፣ እሱም ፈረመ።

ሳምንት ሳይሞላ ያው ሰውዬ ከሌላ ቀበሌ ለመጣ ሌላ ልጅ ወላጅ ሆኖ መጣ። «የእህቴ ልጅ ነው መምህር።» ኮፍያውን ያወለቀበት አኳኋን እንኳ አልተለወጠም። ኋላ ስናጣራ መናኸሪያ አካባቢ ጭነት የሚጭንና የሚያወርድ ሰው ነው። ለአንድ ጊዜ «አጎትነት» 30 ብርና አንድ ጣሳ ጠላ ይከፈለዋል። መምህራን ክፍል ውስጥ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

ክፍል ስገባ ግን አልሳቅሁም። የውሸት ወላጅ ያመጣችሁ ተነሡ ብዬ አስነሣኋቸው። አምስት ነበሩ። በ60 ልጅ ፊት ውሸታም አልኳቸው። «ትክክለኛ አባታችሁን ሳታመጡ እዚህ በር እንዳላያችሁ» አልኩ። አራቱ እያለቃቀሱም ቢሆን እንደምንም አመጡ። ያ ዝምተኛው ልጅ ግን በማግስቱ ቀረ። በሳልስቱም ቀረ። እኔም በስም ጥሪው ላይ «ቀሪ» እያልኩ ቀጠልኩ። በውስጤ ያልኩት «ከቤተሰቡ ጋር ይሆናላ» ነው።

አምስት ሳምንት አለፈ።

በህዳር አንድ ቀን፣ ያ ዝምተኛ ልጅ የወሰዳቸውን መጻሕፍት የሚመልስ ሰው ሲታጣ፣ አብሮት የሚኖረውን ልጅ ጠርቼ እሁድ አገራቸው እንዲወስደኝ ነገርኩት። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ያስነሣኝ መጽሐፉ ነው። የመጽሐፍ ዕዳ በእኔ ላይ ነበር።

ልጁ መንገዱን ሁሉ ዝም አለ። ግማሽ ላይ ስንደርስ አንድ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለና ማልቀስ ጀመረ። «መምህር፣ ስንቁን እኛ ነን የበላነው» አለኝ። ምን ስንቅ? አልኩ። ለካ የዚያ ልጅ እናት በየሳምንቱ ስንቅ ትልክ ኖሯል። ልጇ «ጥናት በዝቶበት» ስለማይመጣ፣ በጓደኞቹ በኩል። ጓደኞቹ ደግሞ በማርያም አስምሏቸዋል፤ ለማንም ላይናገሩ። ስንቁን መልሰው ቢወስዱ ነገሩ ሊወጣ ነው። ቢጥሉት ግፍ ነው። በሉት።

ቤቱ ስንደርስ እናትየው በር ላይ አገኘችን። መምህር መሆኔን ስትሰማ ነጠላዋን አስተካከለች። «የኔታ፣ ምነው እሱን ጥላችሁት መጣችሁ?» አለችኝ። እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ የኔታ ብሎ የጠራኝ ሰው እሷ ብቻ ናት። መደቡ ላይ የዚያ ሳምንት ስንቅ ታስሮ ተቀምጧል። አነስተኛ ማዳበሪያ ነው። ከሌሎቹ ልጆች ስንቅ ጋር እንዳይቀላቀል አፉ ላይ አረንጓዴ ክር አስራበታለች። ክሩን ሳየው ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ።

አባቱ ከሰንበቴ ሲመለሱ ነገርኳቸው። ምንም አላመማቸውም። ጤነኛ ሰው ናቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ የተናገሩትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። «እኔ እኮ ትምህርት ቤት ገብቷል ስትሉኝ፣ ከመንግሥት እጅ ነው ያለው ብዬ ተኝቼ አድራለሁ።»

እኔ ከእርሳቸው እጅ ያለ መስሎኝ ነበር። እርሳቸው ከእኔ እጅ ያለ መስሏቸው ነበር። አከራይዋን ብንጠይቅ «እኔ የማውቀው ኪራዬን ነው» አለች። ሦስታችንም ልጁን ይዞታል ብለን ያሰብነው ሌላ ሰው ነበር።

በማግስቱ ከአባቱ ጋር መናኸሪያ ወረድን። ማን ቢገጥመን ጥሩ ነው? አጎትየው! ጆንያ ተሸክሞ እኔን ሲያይ ሊሸሽ ቃጣው። ከዚያ አባትየውን አየ፤ ጆንያውን አወረደ። «ልጁን እኔ ነኝ የጫንኩት» አለ። «በባህር ዳር መኪና። ጎንደር አድርጎ መተማ ሰሊጥ አጨዳ ነው የሚሄደው፣ ከሌሎች ሁለት ልጆች ጋር። አትሂድ ብዬው ነበር።» ታዲያ ለምን አልነገርከንም ብለን ጮህንበት። ሰውዬው ግራ ገብቶት አየኝ። «ለማን መምህር? ስልክዎን በምን አውቀዋለሁ?»

መልስ አልነበረኝም። ከተማው ውስጥ ልጁ ሲሄድ ዓይኑ ያየ አንድ ሰው እሱ ነበር። እኔ ደግሞ ይህን ሰው በመሳደብ ከግቢ ያስወጣሁት ነኝ።

ልጁ ገና ሲቃረብ ወባ ይዞ፣ ቆዳና አጥንት ሆኖ ተመለሰ። ከየት እንደጀመረ ሲነግረን ደግሞ ነገሩ 50 ብር ነው። አከራይዋ በመስከረም ኪራይ በ50 ብር ጨመረች። ቤት ውስጥ እህቱ ታማ ገንዘብ አልቋል። አባቱን መጠየቅ አፈረ። በገበያ ቀን እየቀረ እህል ተሸከመ። እኔ አስነሥቼ ሳዋርደው ደግሞ ነገሩ ሁሉ ሞልቶ ፈሰሰበት። ያ ዓመት አለቀበት።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ያደረግነውን ልንገራችሁ። አንዳንዱ ሠራ፣ አንዳንዱ አልሠራም። ካልሠራው ልጀምር።

ልቤ ተነክቶ ስለነበር ቸኮልኩ። በህዳር መጨረሻ፣ በሥራ ቀን፣ ወላጆችን በሙሉ ስብሰባ ጠራሁ። በአጨዳ ወር! ጤፉ እየረገፈ ማን ይመጣል? ከ64 ተማሪ ወላጅ 11 ሰው መጣ። እነሱንም ሁለት ሰዓት አስቀመጥኳቸው። የልጆቻቸውን ውጤትና ደረጃ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ግልጽነት ነው ብዬ ነው። «58ኛ» ስል አንድ አባት ዱላቸውን አንሥተው ወጡ። በሩ ላይ ዞር ብለው «ጎረቤቴ ፊት ልታሰድቡኝ ነው የጠራችሁኝ?» አሉ። መጨረሻ ላይ ርዕሰ መምህሩ ገብቶ ስለ አጥር መዋጮ ተናገረ። የቀሩትም አኮረፉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። የትምህርት ቤት መሻሻል ፕሮግራም ከአራቱ ዋና ጉዳዮቹ አንዱ «የኅብረተሰብ ተሳትፎ» ነው። ወረቀት ላይ ጥሩ ሐሳብ ነው። የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረትም አለ፤ ወተመህ የምንለው። በእኛ ትምህርት ቤት ግን ተሳትፎ ማለት ቀስ በቀስ ብር ማለት ሆኖ ነበር። ሪፖርቱ ላይ የሚሞላው «በገንዘብ ይህን ያህል፣ በጉልበት ይህን ያህል፣ በቁሳቁስ ይህን ያህል» ነው። ወላጅ ስለ ልጁ የተጠየቀበት ቦታ ግን ፎርሙ ላይ የለም። ስለዚህ ገበሬው የትምህርት ቤት ጥሪ ሲደርሰው መጀመሪያ ኪሱን ይነካል። አይፈረድበትም።

ከስብሰባው በኋላ ተስፋ ቆርጬ ለአንድ የማውቃቸው ቄስ አማረርኩ። «ወላጅ ብንጠራው አይመጣም» አልኳቸው። «አልጠራችሁትም፣ ጎተታችሁት እንጂ» አሉኝ። «ለምን እናንተ አትመጡም? እኛ እንደሆነ በወር በወር እንሰበሰባለን።»

በየወሩ 12፣ 21፣ 27፣ 29 ገበሬው በሬ አይጠምድም። ቅዳሴ ይሄዳል፣ ማኅበሩን ይጠጣል፣ ጉዳዩን ይጨርሳል። ይህን እኔም ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። አንድም ቀን ግን ከትምህርት ቤት ካላንደር ጋር አገናኝቼው አላውቅም። ለጥር 21፣ ለአስተርዮ ማርያም፣ ብዙ ልጆች ከሚመጡበት ቀበሌ ወደ አንዱ ሄድኩ። ከቅዳሴ በኋላ ሩብ ሰዓት ተሰጠኝ። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላው ወገን ተቀምጠዋል። ስለ መዋጮ እንደማልናገር መጀመሪያ አስታወቅሁ። ሳቁ። ከዚያ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ የውሸቱን አጎት፣ አረንጓዴውን ክር፣ የእኔን ስድብ።

ስጨርስ አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ተነሡ። «እኛ የቆሎ ተማሪ ነበርን» አሉ። «ደበሎ ለብሰን፣ አኩፋዳ አንግተን፣ በእንተ ስማ ለማርያም ስንል የማያውቁን እናቶች ቁራሽ ሰጡን። ውሻ ከለከሉልን። ዋሸራ ቅኔ የተቀኘው፣ ጎንጅ የተማረው፣ በሰው ቤት ቁራሽ ነው። የሰው ልጅ አብልታ ያስተማረች አገር፣ ዛሬ ልጇ ከተማ ኪራይ ቤት ሲገባ እንዴት ሰው ታጣለት?» ዝምታ ሆነ። እኔ በሩብ ሰዓት ያልቻልኩትን እርሳቸው ባጭሩ ጨረሱት። ከዚያ በኋላ በማንኛውም ቦታ ስናገር የእርሳቸውን ነው የምደግመው።

በከተማችን ሙስሊም ወላጆችም አሉ። ለእነሱ ከጁምዓ በኋላ በመስጊዱ በር አጠገብ ተነጋገርን። ዘዴው ያው ነው፦ ሰው በተሰበሰበበት ሂዱ፣ ባጭሩ ተናገሩ፣ ብር አታንሡ።

የሚቀጥለው ዓመት፣ 2011፣ በመስከረም አንድ ደብተር ገዛሁ። ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ገጽ። ገጹ ላይ የአራት ሰው ስልክ ይጻፋል። የወላጅ፣ የአከራይ፣ በሰፈራቸው ኔትወርክ የሚያገኝ የአንድ ሰው፣ እና ልጁ ራሱ «ሲጨንቀኝ ለእሱ እነግረዋለሁ» የሚለው ሰው። ይህ አራተኛው ብዙ አስተምሮኛል። አንዱ አጎቱን ጻፈ፣ አንዷ የነፍስ አባቷን፣ አንዱ ደግሞ የሻይ ቤት ባለቤት። ሙሉውን ለመሙላት ሁለት ወር ፈጀብኝ። መጀመር የምትፈልጉ ካላችሁ ከዚህ ጀምሩ። ምንም በጀት አይጠይቅም። የካርድ ወጪው ከኪሴ ነበር፣ እሱም አልጎዳኝም። ወላጆች ሚስኮል ያደርጋሉ፣ እኔ እደውላለሁ።

አጭር መልእክት ላይ ግን አትመኩ። ብዙ ወላጅ አያነብም፤ በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛማ እኔም ያደናግረኛል። ድምፅ ይሻላል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ የመጀመሪያው ስልክ የምሥራች ይሁን። ይህን የተማርኩት በአጋጣሚ ነው። ለአንድ አባት ደወልኩ። «ከትምህርት ቤት ነው» ስላቸው ድምፃቸው ተቀየረ። «ምን አጠፋ?» አሉ። ምንም አላጠፋም፣ ሒሳብ ከ20 18 አምጥቷል አልኳቸው። ዝም አሉ። «እና?» አሉኝ። እና ምንም፣ ልንገርዎ ብዬ ነው አልኩ። እንደገና ዝም አሉ። ከዚያ ስልኩ ተንኳኳ፣ ዶሮ ጮኸ፣ «ነይ ስሚ፣ ድገሙላት እስቲ» ሲሉ ሰማሁ። ለእናቲቱ ደገምኩት። እኚህ ሰው ከዚያ በኋላ ስጠራቸው አንድም ጊዜ ቀርተው አያውቁም። ደግሞ ለእያንዳንዱ ልጅ የሚነገር አንድ ጥሩ ነገር አይጠፋም። ለአንዱ ያገኘሁለት «ጥቁር ሰሌዳውን ሳይታዘዝ ያጠፋል» የሚል ነበር። ያም ሠርቷል።

ስለ አህዮቹ ሳልነግራችሁ ማለፍ አልችልም። ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው፤ ወላጁ ሁሉ ያለ ጥሪ ከተማ ይመጣል። እኛ ግን ቅዳሜ በራችንን ዘግተን እንውላለን። በሩ ላይ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር አውጥቼ ከ3 እስከ 6 ሰዓት መቀመጥ ጀመርኩ። መጀመሪያ ማንም አልመጣም። ጥበቃችን ነው መላውን ያመጣው። ገበሬው ገበያ ሲገባ አህያውን የሚያቆምበት ቦታ ይቸግረዋል፤ ለጠባቂ ይከፍላል። «አህያቸውን በግቢያችን ይሰሩ» አለ። በአንድ ወር ቅዳሜ ግቢው አህያ በአህያ ሆነ። አህያውን ያሰረ ወላጅ ጠረጴዛው አጠገብ ሳያልፍ አይወጣም። ሰላም ይላል፣ ልጁን ይጠይቃል፣ ሁለት ደቂቃ ያወራል። ርዕሰ መምህሩ ስለ ፋንድያው ተቆጣ። በኋላ የግብርና ክበብ ለጎመን መደቡ ወሰደውና ቁጣው በረደ። በሕይወቴ ካየኋቸው የወላጅ ስብሰባዎች ሁሉ የተሳካው ይኸኛው ነው፤ ማንም ስብሰባ ብሎ ስላልጠራው ይሆናል።

አከራዮቹን ያገኘሁት በእድራቸው በኩል ነው። እናቶች ናቸው አብዛኞቹ። ቡና ላይ ተቀመጥን። መጀመሪያ ወቀሱኝ። «እናንተ መምህራን ብር ወዳድ ናችሁ ነው የምትሉን፤ ልጁ ሲያመው ሐኪም ቤት የሚወስደው ማን ይመስላችኋል?» አሉ። እውነት ነው። አንዷ ስለ መብራት አነሣች። ልጆቹ እስከ እኩለ ሌሊት ያበራሉ፣ ቆጣሪው ይቆጥራል፣ ስለዚህ በ3 ሰዓት ታጠፋዋለች። እኔ ክፍል ውስጥ «አታጠኑም» እያልኩ የምቆጣው እነዚህኑ ልጆች ነው! ተነጋግረን በክፍል በወር 20 ብር ተጨምሮ መብራቱ እስከ 5 ሰዓት እንዲበራ ተስማማን። ወላጆቹ ቅዳሜ ጠረጴዛው ላይ ሲነገራቸው ወዲያው እሺ አሉ። ኪራይ ከመጨመሩ በፊት ለልጁ ሳይሆን ለወላጁ እንዲነገርም ተስማማን። የ50 ብሩን ታሪክ ነግሬያቸው ነበር። ያቺ ያልኳችሁ አከራይም እዚያ ነበረች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

እዚህም ላይ ግን ተሳሳትኩ። አከራዮቹ ከእኔ ጋር ሲቀራረቡ ሁሉንም ነገር ይነግሩኝ ጀመር። ማን ስንት ሰዓት ገባ፣ ማን ከማን ጋር ቆመ፣ ማን ሬዲዮ ከፈተ። እኔም ክፍል ውስጥ «ትናንት ማታ የት ነበርክ?» ማለት አበዛሁ። አንድ ቀን ጥሩ ተማሪ የምለው ልጅ ቤት ለወጠ። ለምን ስለው «መምህር፣ ግድግዳው ሁሉ ጆሮ ሆነብን» አለኝ። ልክ ነበር። ልጆቹን ሳናስቀምጥ በላያቸው ላይ ተስማምተን ነበር። ከዚያ በኋላ ተማሪዎች ራሳቸው ወኪል መርጠው ቡናው ላይ ይቀመጣሉ። የሚነገረኝም ሦስት ነገር ብቻ ሆነ፦ ሲታመም፣ ሌሊት ሳይገባ ሲቀር፣ ስንቅ ሲያልቅበት። ሌላው የራሱ ነው።

ሁሉ ነገር አማረ ብዬ አላታልላችሁም። በዚያው ዓመት በጥር፣ በሠርጉ ሰሞን፣ ሁለት ሴት ልጆች ሊዳሩብን መሆኑን ሰማን። ለአንዷ ሕግ ጠቅሰን፣ 18 ዓመት አልሞላትም ብለን፣ ፖሊስ ይዘን ሄድን። ቤተሰቡ ልጅቷን ወደ ዘመድ አሸሻት፤ ከዚያ በኋላ አላየናትም። ለሁለተኛዋ መጀመሪያ የነፍስ አባታቸውን ላክን። እርሳቸው ለሦስት ቀን ተመላልሰው ሠርጉ ቀረ። ሕጉ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ቀድሞ ደጃፉን የሚረግጠው ሰው ግን ቤተሰቡ የሚያፍረው ሰው ይሁን። የመጀመሪያዋን ልጅ ገጽ ከደብተሩ አልቀደድኩትም።

ሌላ ጥፋት የመጣው ከስኬት ነው። ከበላይ ያሉ ሰዎች ሰሙና «ምርጥ ተሞክሮ» ተባልን። ተሞክሮው ይቀመር ተባለ። ጎብኚ መጣ፣ ባነር ተሰቀለ፣ የቅዳሜው ጠረጴዛ ላይ መፈረሚያ መዝገብ ተቀመጠ። ወላጆች መፈረም ሲጠየቁ ያ የድሮው ጥርጣሬ ተመለሰ። አህያቸውን ሌላ ቦታ ማሰር ጀመሩ። መዝገቡን አንሥተን፣ ባነሩን ለዝናብ መከለያ አደረግነው። ለመመለስ አንድ መንፈቀ ዓመት ፈጀብን።

በ2012 በኮቪድ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ያ ደብተር ምን ያህል እንደጠቀመን አልነግራችሁም። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ በክልላችን ሰላም ሲታጣና ብዙ ትምህርት ቤት ሲዘጋም እንዲሁ። ኔትወርክ በተገኘ ቁጥር «የት ነህ? ደህና ነህ?» ማለት ቻልን። በ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና በአገር ደረጃ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነው ሲባልም፣ በየቦታው ወላጅ መምህሩን፣ መምህር ወላጁን ሲወቅስ ሰማን። በእኛም ከተማ ተወቃቅሰናል። ግን ቅዳሜ ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊት ተያይተን ነው የተወቃቀስነው። ሲያልቅ የማጠናከሪያ ትምህርት በየትኛው ቀን ይሁን ወደሚለው ገባን።

ያ ልጅ? 9ኛን በ2011 እንደገና ጀመረ፣ 10ኛን ጨርሶ ቴክኒክና ሙያ ገባ። ዛሬ ብየዳ ይሠራል። የግቢያችንን በር የበየደው እሱ ነው፤ አስከፍሎናል ደግሞ።

አጎትየውን ረስቼው አይደለም። ያኔ መናኸሪያው ላይ ስልኬን በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ጽፌ ሰጥቼው ነበር። ባለፈው ዓመት ክፍል ውስጥ ሳለሁ ስልኬ ነዘረ። አላነሣሁም። ደግሞ ነዘረ። ወጥቼ አነሣሁት።

«መምህር» አለኝ፣ ከኋላው የመኪና ጥሩምባ ይጮኻል። «አንድ የእህቴ ልጅ እዚህ ቆሟል። ዩኒፎርሙን ከጃኬት ሥር ለብሷል። ወንበር ሞልቷል ብዬ አቆይቼዋለሁ። ቶሎ ይምጡ፣ ሹፌሩ እየተቆጣ ነው።»

ቾኩን ለክፍል አለቃው ሰጥቼ ወጣሁ።